በየኔታ ልሳነ ወርቅ ግራ ጆሮ የተሰማው ድምፅ

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ ሰው ከሥጋው ጋር ዕድሜውን ሙሉ አብሮ ኖሮ የሥጋውን ሥርዓት ሳያውቅ የሚያልፍ እንግዳ ፍጥረት ነው፤ ልቡ ሳያዝዘው ይመታል፥ ደሙ ፈቃድ ሳይጠይቀው ይመላለሳል፥ እርሱ ግን ሁሉን የሚያስተዳድረው ራሱ ይመስለዋል። ከዚህ ስሕተት ሊቃውንትም አልዳኑም፤ እንዲያውም፥ እውነቱን ለመናገር፥ እነርሱ ይብሱበታል።

በደብረ ምሕረት አጥቢያ ሠላሳ ዓመት ዜማ ያስተማሩት፥ ግዕዙን፥ ዕዝሉንና አራራዩን አጥርተው የሚያውቁት የኔታ ልሳነ ወርቅ ለዚህ ምስክር ናቸው። የተማሪ ስሕተት ከጆሯቸው አያመልጥም ነበር፤ አንዲት ድምፅ ብትዛነፍ መቋሚያቸው መሬቱን ትመታለች፥ ተማሪውም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ግን በግራ ጆሯቸው ቀጭንና የማያቋርጥ ድምፅ ይሰሙ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ታመምሁ ባለ ነበር፤ እርሳቸው በዜማ ያረጁ ናቸውና የመላእክት ማኅሌት መሰላቸው፥ በምስጢርም ሐሤት አደረጉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የነበረውን ጾም እስከ ምሽት፥ ከምሽትም እስከ ማግሥቱ አራዘሙት፤ ውኃውንም ተዉት፤ ጾሙ በበረታ ቁጥር ድምፁ ይጎላላቸው ነበርና። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ፥ ሲነሡ ግድግዳ እስኪይዙ ድረስ መድከማቸውን እያየች፥ «ውኃ እንኳ ይቅመሱ» እያለች ትለምናቸው ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ተማሪያቸው ዲያቆን ይኄይስ የዓመታት ትምህርቱን የሚያስመሰክርበት ቀን ደረሰ። በየኔታ ግራ ቆሞ ሲያዜም ርክርክ የምትባለውን የድምፅ ማንቀጥቀጥ ዘለላት፤ መቋሚያዪቱ ግን ዝም አለች። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፥ ሊናገር የደፈረ ግን አልነበረም። የኔታም «ጨርሰሃል፤ ሂድና አስተምር» ብለው መረቁት። ዜማውን ሠላሳ ዓመት ከአጥር ማዶ እያዳመጠች በጆሮዋ ብቻ የተማረችው ወይዘሮ አትጠገብ ግን ቤት ሲገቡ አላስቀመጠቻቸውም።

«የኔታ፥ ዛሬ ምነው ዝም አሉት? ርክርኩን ዘለለው እኮ!»

«አልዘለለም። አጠገቤ አልነበረምን?»

እርሷም በግራቸው ዞራ በለሆሳስ ስማቸውን ጠራች። ዘወር አላሉም። ደግማ ጠራች። ያን ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

በማግሥቱ በከተማው ሐኪም ቤት ዶክተር ንጋቷ የተባለች ወጣት ሐኪም ጆሯቸውንና የደማቸውን ግፊት መርምራ፥ የጾሙንም ነገር ጠይቃ፥ በትሕትና እንዲህ አለቻቸው፦

«የኔታ፥ የውስጥ ጆሮ የሚጠጣው ከአንዲት ቀጭን የደም ሥር ነው፤ እንደ መስኖ ብናስባት፥ ብትደርቅ የሚተካት ሌላ ቦይ የለም። ቅርንጫፎቿን የሚጠብቁ ረቂቃን ሕዋሳት የደሙ ግፊት ሲወድቅ ያሰፏቸዋል፥ ሲያይል ያጠብቧቸዋል፤ ሰውነት በጥም ከደረቀ ግን ይህ ሥርዓት ዐቅም ያጣል። የሕመምዎን ምክንያት በእርግጥ ለመናገር አልደፍርም፤ የምጠረጥረው ግን ይህን ነው።»

«እንግዲያ ያ ድምፅ...?»

«የተጎዳ ጆሮ ጩኸት ነው፥ አባቴ። መድኃኒት በየጠዋቱ ከምግብ ጋር ይወስዳሉ፤ ውኃም ይጠጣሉ። ከዘገየን ላይመለስ ይችላል።»

«በጾም?» አሉ የኔታ።

«ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም ፈቅዳለች!» አለች ወይዘሮ አትጠገብ። «ትርፉን የጨመሩት ራስዎ ነዎት።»

የኔታ ምስጢራቸውን ያን ጊዜ ተናገሩ፤ ከጆሯቸው ይልቅ ማኅሌቱን ማጣታቸው አስለቀሳቸው። መድኃኒቱን ግን ወሰዱ። ፋሲካ ሲደርስ ድምፁ ከስሞ ነበር፤ የግራ ጆሯቸው መስማት ግን በእኩሌታ ብቻ ተመለሰ።

ከበዓሉ በኋላ በሌላ ደብር ማስተማር የጀመረውን ይኄይስን አስጠርተው፥ ተማሪዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት «ልጄ፥ ሳልሰማህ መረቅሁህ፤ በደሉ የእኔ ነው፤ እንደ ገና በል» አሉት። ቀጥለውም በሠላሳ ዓመት የዜማ ቤቱን ደፍ ረግጣ የማታውቀውን ባለቤታቸውን በግራቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡ። ይኄይስ አዜመ፤ ከዚያችው ስፍራ ሲደርስ ያንኑ ርክርክ ዘለለ። አትጠገብ በጣቷ ጉልበታቸውን ነካች፥ መቋሚያዪቱም መሬቱን መታች። ያችን ቀጭን የደም ሥር በፈቃዱ የሚያዝዛት ሰው የለም፤ ሳይሰማ ሰማሁ የሚል አንደበቱን ግን ሰው ሁሉ ያዝዘዋል፥ ስለ እርሱም ይጠየቃል።