አረንጓዴው ዝገት

ነጋ ሽማግሌውን አወቀን በኮሌታው ይዞ ከሚኒባሱ ጎትቶ ሲጥለው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሺዋስ የሌላ ሰው መኪና ባትሪ እየፈታ ነበር። አወቀ በጉልበቱ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ ከአፉ የሚወርደው ደም ጋቢውን አቅልሞታል። በአዘዞዋ ጋራዥ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሥራቸውን አቆሙ፤ የተጠጋ ግን አልነበረም። ነጋ በእጁ የጎማ መፍቻ ይዟል፤ በወገቡ ሽጉጥ እንዳለውም ሁሉም ያውቃል።

የመጣበትን ጉዳይ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ተናገረ። ትናንት ከጠዳ ሲመለስ፣ ዝናቡ እየወረደ የመስታወቱ መጥረጊያ ቀጥ አለ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ። መንገዱ ተሰወረበትና ቦይ ውስጥ ገባ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ ሸዋገነት የትከሻ አጥንቷ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች። ይህን ያደረገው ደግሞ አወቀ ነው አለ። ለዓመታት ሚኒባሱን ሲነዳለት ኖሮ ከሥራ ቢያሰናብተው፣ ቂም ይዞ በስውር እየመጣ ሽቦ ይነካካል።

"ፍታና የእጁን ምልክት አሳየኝ" አለው የሺዋስን። "ከዚያ በኋላ እኔና እሱ እንተያያለን።"

አወቀ ደሙን ተፋ። "እኔ መኪናዋን ብነካት ኖሮ ሸጋ አድርጌ ነበር የምነካት፤ ከግቢህም አትወጣም ነበር" አለ።

ነጋ ጎኑን በጫማው መታው። ሽማግሌው ታጥፎ ትንፋሽ አጠረው።

የሺዋስ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ይዞ ከመሪው ሥር ገባ። ነጋ እገድላለሁ ካለ የሚገድል ሰው መሆኑን ያውቃል፤ አንዲት የተቆረጠች ሽቦ ብትገኝ አያ አወቀ ከዚህ ግቢ በእግሩ አይወጣም።

የፊውዙን ሳጥን ክዳን አነሣ። ከፍልሰታ በፊት እያንዳንዱን ፊውዝ ነቅሎ፣ እግሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ የተቃጠሉትን ቀይሮ ነበር። አሁን ሁሉም አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። አንዱን በፒንሳ ሲስበው እግሩ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ሽቦዎቹን እስከ ጫፋቸው በጣቱ ዳሰሰ፤ የተነካ የለም። የበላቸው ውኃ ነው። ግን ከየት መጣ? ጣሪያው አያፈስም፤ ምንጣፉም ደረቅ ነው። ክዳኑን ገልብጦ ሲያየው ጥጉ ላይ ግራጫ ጭቃ ደርቆበታል። በጥፍሩ ፋቀው። እምነት ነው፤ ከጸበል ጋር የሚቀቡት የተባረከ አመድ። ነጋ በየወሩ በስድስት ከቁስቋም ጸበል እያመጣ መኪናውን እንደሚረጭ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እዚያው ተኮርምቶ አሰበ። ይህን ለነጋ መናገር ጸበሉን እንደ መሳደብ ነው፤ ከዚያም የባሰው፣ ሚስቱን የሰበራት እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

"አርጅቶ ነው አያ ነጋ" አለ ወጥቶ። "ሰው አልነካውም፤ ዕድሜ ነው።"

ነጋ የአወቀን ክንድ ረግጦ በመፍቻው እጁን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ግቢው ሁሉ ሰማ። መፍቻውን እንደገና አነሣ፤ አሁን ወደ ሽማግሌው ራስ ነበር።

"ጸበሉን የት ነው የምታፈስሰው?" አለ የሺዋስ ቶሎ ብሎ።

መፍቻው አየር ላይ ቆመ። "እዚያው ነዋ። ክዳኑን ከፍተህ ችግሩ ያለው እዚህ ነው ብለህ ያሳየኸኝ አንተ አይደለህም? እግሩን የሚያመው ሰው ጆሮውን ይጠመቃል እንዴ?"

"ያዛገው እሱ ነው። ጸበሉ ቅዱስ ነው፤ ፊውዙ ግን ብረት ነው። መብራቱ በጠፋብህ ቁጥር ጨመርክበት፤ በጨመርክበት ቁጥር ባሰበት።"

ነጋ ቀስ ብሎ ተጠጋ። የሺዋስ ግራ እጁን የሚኒባሱ በር አፍ ላይ እንዳስደገፈ ነበር። ነጋ በሩን በሙሉ ጉልበቱ ዘጋበት። ጣቶቹ ተጨፈለቁ፤ ዓይኑ ጨለመበት። ነጋ በሩን ከፈተለትና መፍቻውን ጥሎ ሽጉጡን አወጣና አገጩ ሥር ሰካበት።

"በል እንደገና። አወቀ ነው በል።"

የሺዋስ ወደ መሬት አየ። አያ አወቀ የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ በደህናዋ ዓይኑ እያየው ነበር። አዎ ቢል ሽጉጡ ወደዚያ ይዞራል።

"አንተ ነህ" አለ።

ነጋ በግራ እጁ የሳጥኑን ክዳን ከወንበሩ ላይ አነሣ። አመዱን በአውራ ጣቱ አሸው፤ አሸተተው። ፊቱ ተለወጠ። ሽጉጡን ወገቡ ውስጥ መልሶ መፍቻውን ከመሬት አነሣና የራሱን ሚኒባስ ይቀጠቅጥ ጀመር። የፊት መስታወቱን፣ መብራቶቹን፣ ፍሬቻውን አደቀቀ፤ ስባሪው ግንባሩን ቀዶት ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ አላቆመም። መፍቻው ከእጁ ሲያመልጥ በባዶ ቡጢው ቀጠለ። በመጨረሻ ደክሞት ጎማው ሥር ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ሰው ተንቀሳቀሰ። አንዱ ባጃጅ ጠራ። የሺዋስ በደህና እጁ አያ አወቀን ብብቱ ሥር ገብቶ አነሣው፤ ነጋም ሊያግዝ ብድግ ሲል ሽማግሌው በክርኑ ገፋው።

ነጋ የባጃጁን ብረት ይዞ ቆመ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። "ሸዋገነትን ምን እላታለሁ?" አለ።

አወቀ ከየሺዋስ ጋር ተጠጋግቶ ተቀመጠ። "ምነው ተጨነቅህ?" አለው። "የምሄደው እሷ ካለችበት ነው። እኔ እነግራታለሁ።"

ባጃጁ ተነሣ።