ባዶ መኪና አልለካም

የእንስሳት ሐኪሟ ስሌቷን በሦስት ገጽ አሰናድታ፣ ገጾቹንም በስፒል አያይዛ፣ ጠዋት ጋራዡ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ተገኘች። ወደ ላይኞቹ መንደሮች የሚወስደውን ኮረኮንች ቅዳሜ ዕለት በእግሯ ወጥታ፣ አስቸጋሪዎቹን ድንጋዮች አንድ በአንድ በሜትር ለክታቸዋለች። ትልቁ ድንጋይ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የመኪናዋ ሆድ ከመሬት የሚርቀው ሃያ አንድ። ልዩነቱ ዘጠኝ፣ ለጥንቃቄ አንድ ሲታከልበት ዐሥር። ስለዚህ መኪናዋ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለባት፤ በሐኪሟ እምነት ነገሩ ያለቀለት ነበር።

ጊዜ አልነበራትም። የጥጆቹ ክትባት ሐሙስ ይደርሳል፣ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ባለፉት ሁለት ጉዞዎች መኪናዋ ሆዷን ድንጋይ እየያዘው ከመንገድ ተመልሳለች፤ በሁለተኛው ጉዞ እንዲያውም የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ እዚያው ጥላ ነው የመጣችው። ላይኞቹ መንደሮች ውስጥ ጥጆች እየሞቱ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊም «ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለስሽ መኪናዋን ለሌላ ክፍል አዛውራታለሁ» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ዛሬ የጥገናውን ቅጽ ለመፈረም አብሯት መጥቷል፤ የተተኮሰ ሸሚዙን ግሪስ እንዳይነካበት ክንዶቹን ከጎኑ አራርቆ፣ ክንፉን ለማድረቅ እንደዘረጋ ወፍ ጋራዡ መሐል ቆሟል።

የጋራዡን ባለቤት ሁሉም አባ ባሌስትራ ይሏቸዋል። ከመኪና ሥር ተደራርበው ክብደት የሚሸከሙትን ንጣፍ ብረቶች፣ ባሌስትራዎቹን፣ እንደ ታማሚ እጅ እየዳበሱ ስለሚመረምሩ የወጣላቸው ስም ነው።

«ጋሼ፣ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉልኝ። ስሌቱ ይኸውልዎት» አለች ሐኪሟ።

አባ ባሌስትራ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ከፊት ወደ ኋላ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው መለሱላት። «ጽሑፍሽ ያምራል። ችግሩ መኪናዋ አላነበበችውም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የለካሻት ባዶዋን ነው። እኔ ባዶ መኪና አልለካም። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ሕመሙን ቤቱ ትቶ ይሄዳል እንዴ? የምትጭኚውን ሁሉ ጫኚባት፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ጎረቤታቸው የመለዋወጫ ሻጩ፣ ሲፈጥረው ምክር ሳይሰጥ ማለፍ አይችልምና፣ አንገቱን በበሩ አስገባ። «ዶክተር፣ ዐሥራ አምስት አስደርጊያት! ደመና ላይ ቁጭ ብለሽ ነው የምትነጂው!»

«ከደመናው ስትወድቅ አንተ ትቀልባታለህ?» አሉት አባ ባሌስትራ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ።

የበረዶ ሣጥኑ፣ የመድኃኒት ሣጥኖቹ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የውኃና የነዳጅ ጀሪካኖች ተጫኑ። ሽማግሌው ከጎማው እምብርት ከላዩ እስካለው የጭቃ መከላከያ፣ እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር፣ ባለ ቋጠሮ ሲባጎ ዘርግተው ለኩ፣ ሥሯ ገብተው ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያም በጀርባቸው እየተንፏቀቁ ወጡ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፤ ይኸው ነው» አለች ሐኪሟ።

«አለ እንጂ። ግራ ባሌስትራዋ ጎብጧል። ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ ወፈር ያለ ሰው ይቀመጣል። ያውም በየሳምንቱ።»

 የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከሠራተኛ በቀር ሰው ማሳፈር ይከለክላል። የቢሮ ወረቀት ወደ ቤቱ የወሰደ ባልደረባዋን ፊት ለፊት የገሠጸችው ሐኪሟ፣ ይህንን ደንብ ከዓመት በላይ በየሳምንቱ ስትጥስ ኖራለች።

«ሰው?» አለ ኃላፊው፣ ክንዶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰብስቦ።

አባ ባሌስትራ የኋላውን በር ከፍተው ከወንበሩ ሥር እጃቸውን ሰደዱ። መጀመሪያ አንድ ላባ ወጣ።

«ላባው የታካሚ ነው» አለች ሐኪሟ ፈጠን ብላ።

ቀጥሎ አንድ እግር የሕፃን ጫማ ወጣ።

«ይሄስ?» አለ ኃላፊው። «ዶሮዎቹ ጫማ ማድረግ ጀመሩ?»

«የእህቴ ልጅ ጫማ ነው» የሚል መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ብትል ቅጹ ይፈረማል፣ መኪናዋ ለዕቃው ብቻ ተለክታ ትነሣለች፣ ሐሙስም ትወጣለች። ግን መንገድ ዳር የቆመ ሰው አይታ ማለፍ እንደማይሆንላት ታውቃለች፤ ሞክራው አልሆነላትም። የውሸቱን ዋጋ የሚከፍሉት ባሌስትራዎቹና ጥጆቹ ናቸው።

«ሰው አሳፍራለሁ» አለች።

«ስንት?» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ አንደኛው ለባሌስትራው፣ ሌላኛው ለዲሲፕሊኑ።

«አራት። አንዳንዴም… ከነበጋቸው።»

«ደንቡን አንብበሽ ፈርመሻል እኮ!»

«ፈርሜያለሁ፣ አለቃ። ግን እግሯ ያበጠ ሴትዮ የታመመ በጓን ታቅፋ ቆማ ሳይ፣ ደንቡ ትዝ የሚለኝ ካሳፈርኳት በኋላ ነው።»

«ጭቅጭቁን ኋላ ትደርሱበታላችሁ» አሉ አባ ባሌስትራ። «አሁን የምፈልገው ሰው ነው። እርስዎ ጌታው፣ ስንት ኪሎ ይሆናሉ?»

«እርስዎ ምን አገባዎት?»

«እኔንማ ምን አገባኝ፤ የሚያገባው ባሌስትራውን ነው። ይግቡ፣ ከኋላ በግራ በኩል።»

ሰውዬው እምቢ የሚልበት ትንፋሽ ሳያገኝ ራሱን ወንበሩ ላይ አገኘው። የመለዋወጫ ሻጩ ሳይጠራ ከጎኑ ገባ፤ ወረፋ ይጠብቁ ከነበሩት ባለታክሲዎች አንዱ በቀኝ በኩል ተጠጋ፤ ሁለተኛው ከኋላ ጀሪካኖቹ መሐል ተጣጥፎ ተቀመጠ። በመጨረሻ አባ ባሌስትራ አንድ ከረጢት አሸዋ አምጥተው ኃላፊው ጭን ላይ ዘፍ አደረጉት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በጉ ነው።»

ሲባጎው እንደገና ተዘረጋ። መኪናዋ ሰባት ሴንቲ ሜትር ወርዳለች።

«አየሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይህች መኪና አጥራ አይደለም፣ ከብዷት ነው። በእነዚህ በደከሙ ብረቶች ላይ ዐሥር ብጨምርላት ስትጫን ያው ትወርዳለች፤ ከፍታዋ ደግሞ ጥምዝምዙ ላይ ይገለብጥሻል። የሚሻላት ወፍራም ባሌስትራና አምስት ሴንቲ ሜትር ነው።»

«ትልቁ ድንጋይስ? ሠላሳ ነው እኮ!»

«እሱን ማን በሆድሽ ሥር አሳልፊው አለሽ? ጎማሽን አናቱ ላይ አውጪበት።»

ሐኪሟ ሦስት ገጿን አየች። በሦስቱም ገጽ ጎማ የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እኔ ግን ለክልክል ተሳፋሪ አልፈርምም!» የሚል ድምፅ ከአሸዋው ጀርባ መጣ።

«እርስዎ ገና መች ፈተኗት?» አሉ አባ ባሌስትራ። ሐኪሟን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ መሪውን ራሳቸው ይዘው፣ ለውኃ ቧንቧ ወደተቆፈረው የጓሮ መንገድ መኪናዋን አወጧት።

በመጀመሪያው ጉድጓድ የኃላፊው አናት ጣሪያውን መታ። በሁለተኛው ደገመው።

«ኧረ ቀስ ይበሉ!»

«ቀስታዬ ይሄው ነው፣ ጌታው።»

«በጉን ያዝ አድርገው!» አለው የመለዋወጫ ሻጩ፣ በሳቅ እየፈረሰ።

ሦስተኛው ላይ የአፈር ቁልል ነበር። መኪናዋ ወጣች፣ አቃሰተች፣ በሆዷ ቁልሉ ላይ ዘፍ አለች፤ ጎማዎቿ በከንቱ ተሽከረከሩ። አባ ባሌስትራ ሞተሩን አጠፉት። ማንም አልሳቀም።

«ሐሙስ የሚሆነው ይሄ ነው» አለች ሐኪሟ ወደ ኋላ ዞራ። «ሣጥኑ እኔ እጅ ላይ እየሞቀ፣ እነሱ ደግሞ እዚያ ላይ ጥጆቻቸውን አስረው እየጠበቁ።»

ኃላፊውን ከአሸዋው ሥር አላቅቀው ለማውጣት ሁለት ሰው አስፈለገ። ከወጣ በኋላ ግን ሳይጠየቅ ከሌሎቹ ጋር ትከሻውን ሰጥቶ ገፋ፤ የተተኮሰው ሸሚዝ ከዚያ በኋላ የማንም ጉዳይ አልሆነም። ጋራዥ ሲመለሱ ቅጹን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ፣ እያነበበ መጻፍ ጀመረ። «ወፍራም ባሌስትራ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር… የጭነት ዓይነት፣ ልዩ ልዩ ዕቃ…»

«ዕቃ አይደሉም» አለች ሐኪሟ። «ሰዎች ናቸው።»



«አንቺ ልጅ» አሉ አባ ባሌስትራ፣ «ሰውዬው እየፈረመልሽ እኮ ነው! ምናለ አፍሽን ብትይዢው?»

«ዕቃ ተብሎ ከተጻፈ፣ ነገ እኔ ብዛወር፣ ቀጣዩ ሐኪም ሴትዮዋን ጥሏት ነው የሚያልፈው። ዕቃ መንገድ ዳር ቆሞ አይጠብቅማ።»

ኃላፊው ብዕሩን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አያት። ሐኪሟ መኪናዋን በገዛ አፏ ያጣቻት መሰላት።

«ደንቡ የሚለው» አለ በመጨረሻ፣ «‹ያለ ኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ› ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በኃላፊነት ወንበር ላይ ስቀመጥ ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁላችሁም ሰርቃችሁ ነው የምታሳፍሩት።»

«ብጠይቅዎ ይፈቅዱልኝ ነበር?»

«ትናንት? በፍጹም!»

«ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚለውን ሠረዘና «የታመሙ እንስሳት ባለቤቶች፣ እስከ አራት ሰው፣ በእኔ ፈቃድ» ብሎ ፈረመበት። ብዕሩን ኪሱ ከከተተ በኋላ አናቱን አሻሸ፣ ቆም አለ፣ ብዕሩን መልሶ አወጣና ከፊርማው ሥር አንድ መስመር ጨመረ። ሐኪሟ ከትከሻው በላይ አንገቷን አስግጋ አነበበችው፤ «ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር ጠንካራ የእጅ መያዣ ይገጠም» ይላል።

«ለሴትዮዋ ነው» አለ ኃላፊው፣ ማንንም ሳያይ።