ያልጠበበው ቀሚስ

ወይ የፍቅር ሞኝነት! ልብስ ሰፊው ሚስቱ እንዳይከፋት ብሎ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀሚሶቿን በድብቅ ሲያሰፋ ኖረ። እሷ ገበያ ስትሄድ ስፌቱን ይፈታል፣ ከጎን ጨርቅ ይጨምራል፣ መልሶ ይሰፋል። እጁ የተባረከ ነው፤ የተጨመረውን ከነበረው ማንም አይለይም። እሷም ልትጠረጥር አልፈለገች። መስታወት ፊት ቆማ «እንደ ሙሽርነቴ ነኝ እኮ!» ስትል፣ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

አስሟ ግን አልተታለለም። ደረጃ ስትወጣ ሦስት ቦታ ትቆማለች፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። አንድ ቀን ሐኪሟ፣ «እናቴ፣ ክብደትዎ በጣም ጨምሯል። እሱ ካልቀነሰ ትንፋሽዎም፣ ደም ግፊትዎም አይሻልዎትም» ቢላት፣ በግና ባሏ ሱቅ ገባች።

«የሐኪም ቤቱ ሚዛን ተበላሽቷል! ይኸው ቀሚሴ ምስክሬ፣ የስድስት ዓመት ቀሚስ! ሁለተኛ እዚያ እግሬ አይረግጥም!»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ትንፋሽ አጥሯት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። የሚሳበውን የአስም መድኃኒቷን፣ ኢንሄለሯን፣ ከቦርሳዋ አውጥታ ሳበች፤ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ልብስ ሰፊው ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ዝም ቢል ሊያጣት ነው፤ ቢናገር ልታኮርፈው ነው። ኩርፊያ ይሻለኛል አለ።

ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቆ የቀሚሷን ጎን ገልበጥ አደረገላት። «ምስክርሽ ሐሰተኛ ነው፣ ሆዴ። ያስዋሸሁትም እኔ ነኝ። ይሄ ኋላ የተጨመረ ነው፤ ይሄም፤ ይሄም።»

በጣቷ ለካችው። በአንድ ጎን ብቻ አምስት ጣት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የሚስቱን በሽታ የደበቀ ግን ባንተ አየሁ። እንዳላዝን ብለህ ልትገድለኝ?»

እንባው መጣ። «ስትስቂ ደስ ይለኛል። ከመስፋት ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን አብረው ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ፤ መድኃኒቱ ተስተካከለ፣ በየጠዋቱ ቀስ ብሎ መራመድም ታዘዘላት።

በመጀመሪያው ጠዋት ከቤታቸው እምብዛም ሳይርቁ ቆመች። እሱ ፊቷን አየት አደረገ።

«ጎበዝ! ብዙ ሄድን እኮ፤ ለዛሬ ይበቃል።»

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው።

ዞሮ ቤታቸውን አየ። «የታዘዘልሽን ሩቡን እንኳ አልሄድንም።»

ትንሽ አረፈችና ክንዱን ያዘችው። «በል እንሂዳ።»