የረሳው ዲናሞ

የጋራዡ ኤሌትሪክ ሠራተኛ የብረት መቁረጫ ግራይንደሩን ሰክቶ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። "ፊውዝ" ነው የሚሉት፤ ለሙያው እንዳይመስላችሁ፣ ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። ሊቆርጠው ያሰበው ከአሮጌው የጭነት መኪና ሞተር ጋር አብሮ የተሠራውን የዲናሞ መቀመጫ ነበር። ዘመናዊው ዲናሞ እዚያ ላይ አይገጥምም። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ የድሮው ተመልሶ የሚያርፍበት የለውም።

ሹፌሩ ከጎኑ ቆሟል። መኪናው የሟች አባቱ ነው፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቆሞ ከርሞ ዛሬ ገና ሊወጣ ነው። የጫነው የብርቱካን ችግኝ ዛሬውኑ ካልደረሰ ይጠወልጋል። መንገዱ ሳያልቅ ይጨልማል፤ ዲናሞው ባትሪውን ካልሞላ መብራቱ መሀል መንገድ ላይ ድርግም ይላል። ሹፌሩ ሰነፍ አይደለም። ዲናሞውን ራሱ አውርዶ፣ መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ወልውሎ፣ ያለቀውን ካርቦን ለውጦ፣ የሚያዞረውን ቺንጊያ ወጥሮ አስሯል። ልቅም ያለ ሥራ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ግን ባትሪው መሞላቱን የምታሳየው የቻርጅ መርፌ ንቅንቅ አላለችም። ፊውዝ አየት አደረገና "ነፍስ ይማር በሉት" ብሎ ፈረደ።

አሁን ግራይንደሩን ሊያስጠጋ ሲል የሹፌሩ እናት ከጋቢናው በመስኮት ብቅ አሉ። ሠላሳ ዓመት በዚህ መኪና ከባላቸው ጎን ተጉዘዋል። መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ባላቸው ሲፈቱና ሲያስሩ ግን የእጅ ባትሪ ያበሩላቸው የነበሩት እኚሁ እናት ናቸው።

"ሽቦ አስነካኸው?" አሉ ልጃቸውን።

"የምን ሽቦ፣ እማዬ?"

"አባትህ ዲናሞ አውርዶ ባሰረ ቁጥር፣ ሞተር ሳያስነሳ በሽቦ ጫር ያደርገው ነበር። 'ረስቷል፣ ላስታውሰው' ይላል።"

ፊውዝ ሳቀ። "እማማ፣ ብረት እኮ ነው። ምኑን ነው የሚረሳው?"

"እኔ ምኑን አውቄ። ብቻ መቁረጡ የት ይሄድብሃል፣ የኔ ልጅ? ከተሳሳትኩ ያኔ ትቆርጠዋለህ።"

ፊውዝ ግራይንደሩን አስቀመጠ። እናት ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። የዲናሞውን ኃይል የምትመጥነውን ጥቁር ሳጥን ፈልገው አገኟት። የሽቦዎቹን ስም አያውቁም፤ ጣታቸው ግን አልሳተም። ከባትሪ የሚመጣውን ጫፍ አሳዩ፣ ቀጥሎ ከዲናሞው የሚመጣውን። እንደ ትኩስ ድስት ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው፣ ከቆየህ ታቃጥለዋለህ ብለው አስጠነቀቁት።

ልጁ ሁለቱን ጫፎች በቁራጭ ሽቦ ነካ አድርጎ ለቀቀ። አንዲት ብልጭታ ብቻ። ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሲሰጥ መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ወደ ሙሌቱ በኩል ዘንበል ብላ እዚያው ቀረች።

"ማግኔቱ..." አለ ፊውዝ ለራሱ ያህል። "ለካ ሞተሩ ሲቆም በብረቱ ውስጥ የምትቀረዋ የማግኔት ኃይል ናት የጠፋችው። እሷ ከሌለች ዲናሞው ኤሌትሪክ ለማመንጨት መነሻ የለውም፤ የባትሪው ብልጭታ መለሰለት።"

ሹፌሩ ወደ እናቱ ዞረ። "እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?"

"ባለሙያ ባለበት ምን ብዬ አፌን ልክፈት? ሊቆርጠው ሲነሳ ግን አላስቻለኝም።"

ፊውዝ እጃቸውን ይዞ ወደ ጋቢናው ደግፎ አወጣቸው። ማንም አላዘዘውም።

መኪናው ችግኙን እያወዛወዘ ወጣ። ፊውዝ ግራይንደሩን ነቀለና ወደ ጋራዡ ጓሮ ዞረ። እዚያ ለቁራጭ ብረት ገዢ የተከመሩ የድሮ ዲናሞዎች አሉ፤ ሁሉንም ሞተዋል ብሎ ያወረዳቸው እሱ ነው። ከላይ ያለውን አንሥቶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያም ቁራጭ ሽቦ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ።