እትዬ አሳየች ዓይናቸውን መጨፈን ያቃታቸው ጊዜ

የዶክተር ለይኩን ሳቅ አሁንም በጆሮዬ ይመጣብኛል፤ ያቅለሸልሸኛል። በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ መሪ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ማዶ በነበረው የውበት ክሊኒኩ ውስጥ ነርስ ሆኜ እሠራ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

እትዬ አሳየች ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ የሃምሳ ዓመት ሴት ነበሩ። የዓይናቸው ቆብ ወርዶ ሽፋሽፍታቸው ላይ ተኝቶ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ቀን፣

«ሰው ሁሉ ባየኝ ቁጥር ‹ምን ሆነሽ አለቀስሽ?› ይለኛል» አሉኝ። «አላለቀስኩም እኮ ልጄ። ሰለቸኝ።»

እኔ ከዚያ በፊት ለታካሚዎች የሚሰጥ አንድ ወረቀት ጽፌ ነበር። ዓይን እንደሚያብጥና ዙሪያው እንደሚበልዝ፣ ስፌቱ እስከ ሳምንት እንደሚቆይ፣ ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት እንደሚያስፈልግ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ እንደሚረዳ። አቧራና ጭስ ካለበት ሥራ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መራቅ። ዓይን አልጨፈን ካለ ደግሞ በዚያው ቀን መምጣት። ዶክተር ለይኩን ቆሞ አነበበው።

«ደንበኛ ልታባርሪብኝ ነው? ‹ያብጣል፣ ይበልዛል› የሚል ያነበበች ሴት እዚህ አልጋ ላይ ትወጣለች?»

ጨምድዶ፣ ደም የነካው ጓንትና ፋሻ ያለበት ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ለእትዬ አሳየች የነገራቸው ይህን ብቻ ነው፦ «ዓርብ ይገባሉ፣ ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ። ማንም አያውቅብዎትም።» ሥራዎ ምንድነው ብሎ አልጠየቃቸውም።

ዓርብ ጠዋት የማደንዘዣ መርፌውን ወጋቸው። የወረደው የቆቡ ቆዳ ከመቆረጡ በፊት ቆንጠጥ ተደርጎ፣ ምን ያህል ቢነሳ ዓይኑ እንደሚገጥም ተለክቶ በብዕር ይሰመራል። እሱ ግን በዓይኑ ገምቶ አሰመረ። ቢላውን እንዳነሳ ስልኩ ጮኸ።

«ሳምራ፣ ጆሮዬ ላይ ያዢልኝ።»

ጓንቴን አውልቄ ያዝኩለት። የሰው ዓይን ላይ እየቆረጠ ስለ መኪናው ጎማ አወራ። ሳቀ። እትዬ አሳየች ነቅተው ሁሉንም ይሰማሉ፤ ጣቶቻቸው ብቻ አንሶላውን ጨምቀውታል። ስልኩን ሲጨርስ ጠቀሰኝና፣ «ትንሽ ልጨምርላቸው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ላድርጋቸው» ብሎ ከግራው ቆብ ላይ እንደገና ቆረጠ። የተነሳው ቆዳ ሳህኑ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አፌ ምራቅ ሞላ።

ሰፍቶ ሲጨርስ «ይጨፍኑ» አላቸው። ሞከሩ። የሁለቱም ዓይኖች ቆብ ሳይገጥም ቀርቶ ነጩ ታየ፤ በግራው በኩል ሰፋ ያለ ነው። ቀና ብዬ አየሁት።

«ለጊዜው ነው» አለ።

እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ጎንበስ ብዬ፣ «ቆንጆ ሆነዋል እትዬ» አልኳቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ሰኞ በተባሉት መሠረት ገበያ ወጥተው በርበሬ ሲሰፍሩ ሰንብተዋል። ግራ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሽፋሽፍታቸው በመግል ተጣብቋል።

«ዓይኔ ተከፍቶ ነው የምተኛው» አሉ። «ባለቤቴ ሬሳ እየመሰልኩት ፊቱን አዙሮ ይተኛል። ጠዋት ቀበና ድልድይ ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሲነካኝ ዓይኔን በመርፌ የወጉኝ ይመስለኛል።»

ዶክተር ለይኩን ምሳውን እያላመጠ ወጣ። እጁን አልታጠበም። ቅቤ የነካው ጣቱን በግራ ቆባቸው ላይ አሳርፎ ወደ ላይ ሳበው። እሳቸው ጮኹ።

«በርበሬ እያራገፉ እንዴት ይድናል? ጥፋቱ የእርስዎ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «መመሪያውን አልሰጠሻቸውም?»

«ወረቀቱን የጣሉት እርስዎ ነዎት» አልኩት። ጋዋኔን አውልቄ ወንበሩ ላይ ጣልኩና እትዬ አሳየችን ይዤ ወጣሁ።

ታክሲ ስንጠብቅ ክንዴን ለቀቁ።

«አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ነው ቆንጆ ሆነዋል ያልሽኝ?»

ከእሱ የባሰ ራሴን ተጸየፍኩ።

የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክፍል ገባን። ዶክተር ጊፍቲ የምትባል ሐኪም በመብራት አይታ ነገሩን ሳታለባብስ ነገረቻቸው፤ ቆዳው ከልክ በላይ ተቆርጧል፣ የግራ ዓይናቸው ጥቁር ክፍል ላይ ቁስል ወጥቷል። ቁስሉ ሲደርቅ ከጆሯቸው ጀርባ ቆዳ ተወስዶ ይተካል። እስከዚያ በየሰዓቱ ጠብታ፣ ጠዋትና ማታ ቅባት፣ ሲተኙም ቆቡ በፕላስተር ይገጠማል።

እኔ ጠዋትና ማታ ቀበና፣ ቤታቸው እየሄድኩ ቅባቱን ቀባሁ። በር ይከፍቱልኛል፣ ቁጭ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ። አያናግሩኝም። ለጤና ቢሮ ያየሁትን ሁሉ ጽፌ አስገባሁ፤ ዝም ማለቴንም ጭምር። ክሊኒኩ ቀዶ ጥገና እንዳይሠራ ታገደ። በዓመቱ ለይኩን ሌላ ሰፈር፣ በሌላ ስም የቆዳና የፀጉር ክሊኒክ ከፈተ። መግቢያው ላይ የራሱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። መንገዱ ላይ ምራቄን ተፋሁ።

የእትዬ አሳየች ቀኝ ዓይን ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይጨፈናል። ግራው ሲተኙ እንደ ክር ትንሽ ይቀራል፤ እይታውም ደመና እንዳለበት ነው። በርበሬውን ትተው እዚያው ሾላ የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣሉ።

ያኔ፣ ቆዳው በተተካ በሳምንቱ፣ ቅባቱን ቀብቼ ስጨርስ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከጆሯቸው ጀርባ ያለውን ፋሻ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉ።

«ገና ነኝ» አሉ። «ከሆዴ ሲወጣልኝ እነግርሻለሁ። ነገ ግን አትዘግዪ፣ ዓይኔ ሲደርቅ ያመኛል።»

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በራቸውን አንኳኳሁ።