በረኪና የነካው ጥርስ

ጥርሱን ከዋሻው ጭቃ ያወጣችው እሷ ናት፤ ተንበርክካ፣ በብሩሽ፣ ትንፋሿን ውጣ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከምድር የጠፉት ኒያንደርታል የተባሉ ሰዎች ልጅ ጥርስ ነበር። ጎኑ ላይ ቡናማ ቅርፊት ደርቆበታል። ልጁ የበላው ሥራሥር፣ የሳበው ጭስ ሳይቀር በዚያ ቅርፊት ውስጥ ይገኛል።

እናቷ በጠና ታመው ስትጠራ፣ ጥርሱን ለባሏ ሰጠችው። ባሏ የዲኤንኤ ላቦራቶሪው ኃላፊ ነው።

«እስክመጣ እንዳትነካው። ቅርፊቱን መጀመሪያ እኔ ነኝ የማነሳው።»

«እሺ የኔ እመቤት» ብሎ ሳቀ።

እናቷ ሲሻላቸው ተመለሰች። ባሏ የላቦራቶሪው በር ላይ ጠብቆ አቀፋት።

«ሴት ልጅ ናት! አምና ያገኘሽው የመንጋጋ አጥንት ደግሞ የአባቷ ነው። አባትና ልጅ፣ አንድ ዋሻ ውስጥ! ይታይሽ እስቲ!»

ለአፍታ እሷም ሁሉን ረስታ ሳቀች። ከዚያ ጥርሱን አየችው። ተሰርስሯል፤ እንደታጠበ ስኒ ነጭ ሆኗል።

«ቅርፊቱስ?»

«የእኛ ዲኤንኤ እንዳይቀላቀልበት በበረኪና አጸዳሁት። ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን ውጤት በማውጣት ሊቀድመን ነበር፤ ምን ላድርግ?»

«መጠበቅ ነዋ!» ደሟ ፈላ። «ይህን ሁሉ ሺህ ዓመት የጠበቀች ልጅ ይዘህ፣ እኔን መጠበቅ አቃተህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እሷስ የምትለቅመው አላት። አንተ ከፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ምን ልትለቅም ነው?»

«ሌላ ጥርስ አይጠፋም» አለ አንገቱን ደፍቶ። ይሄ ከበረኪናው የባሰ አንገበገባት።

በማግስቱ የተቋሙን ዳይሬክተር አስፈቅዳ የአባትየውን መንጋጋ ከባሏ ላቦራቶሪ ቁም ሣጥን አወጣችና ጥርሶቹ ላይ ያለው ቅርፊት እንዲመረመር ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ላከችው። ባሏ ለጋዜጠኞች ስለ አባትና ልጅ ሲያወራም ተነስታ፣ ልጅቷ ምን ትበላ እንደነበር ለምን ማወቅ እንደማይቻል ተናገረች። ጋዜጠኞቹ ወደ እሷ ዞሩ። እሱ ላብ በላብ ሆነ።

ከአባትየው ጥርስ ላይ የእንጉዳይና የለውዝ ቅሪት፣ የእንጨት ጥላሸትም ተገኘ። ባሏ ውጤቱን እራት ላይ አንብቦ፣ «ለልጁም ያንኑ አብልቷት ይሆናል» አለ፤ ሊታረቃት ፈልጎ።

«ይሆናል» አለች። «ከእንግዲህ የቀረን ‹ይሆናል› ብቻ ነው።»

ሳህኗን አንስታ ወደ ሌላው ክፍል ገባች፤ በሩንም በእግሯ ድርግም አደረገችው።