እትዬ ቆላ

የሕፃናት ሐኪሟ ወጣትነቷን ሙቀቱ በማይበርድ ቆላ አሳልፋ ወደዚህ ብርዳም ከተማ ከተዛወረች ወዲህ፣ ትኩሳት ባየች ቁጥር የቆላ ደዌ ትጠረጥራለች እየተባለ ይሳቅባታል። በስተኋላዋ "እትዬ ቆላ" ይሏታል፤ ስትመጣ ድንገት ከሚቋረጠው ሳቅ ታውቀዋለች። ምሳዋን ለብቻዋ መብላት ከለመደች ቆይታለች።

አንድ ቀን የአንዲት ልጅ ሆድ ስትዳስስ ጣፊያዋ አብጦ እምብርቷ ድረስ ወርዷል። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ዐይን ብቻ ቀርታለች። የመቅኔዋ ናሙና ካንሰር ስላላሳየ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጣፊያዋን ነገ ሊያወጣው ቆርጧል። ደሟ ግን አይረጋም፤ ቢላ ከነካት አትተርፍም።

"ልጅቷ ቆላ ወርዳ ታውቃለች?"

"ኧረ የትም!" አለች እናት፣ ባሏን በጎን እያየች።

"እቺን?" አለ እንጀራ አባቷ። "እንኳን ቆላ፣ አስፋልት ማዶም ብቻዋን አናሻግራት።"

ሐኪሟ ብርድ ልብስ እንዲያመጣ ላከችው። በሩ እንደተዘጋ እናት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ዕረፍቱን አባቷ ጋ ነበረች፤ ቆላ እርሻ ይጠብቃል። እኅቴ ጋ ናት ብዬ ዋሸሁት። ከአባቷ ጋር ከተገናኛችሁ ትዳራችን አበቃ ብሎ ምሎብኛል።"

"ውጭ ትተኛ ነበር?" አለች ሐኪሟ፤ ጣፊያ የሚያሳብጠውን ካላዛር የምታስተላልፈው የቆላ አሸዋ ዝንብ ሌሊት ደጅ የተኛን፣ በተለይ ግራር ሥር፣ ትነድፋለች።

"ግራር ሥር። ዶክተር፣ እባክዎ እንዳይነግሩብኝ!"

"አይዞሽ ልጄ፤ እኔ የማወራው ሰው የለኝም።"

ከሰዓት በኋላ በሐኪሞቹ ስብሰባ ተነሣች። "ናሙናው ለካላዛር እንደገና ይታይ።"

"እትዬ ቆላ!" አለ ቀዶ ሐኪሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት። "ልጅቷ ከሰፈሯ ወጥታ አታውቅም ተባልን እኮ። ማስረጃዎ ምንድን ነው?"

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል ያን ሁሉ ሳቅ ዝም ታሰኝ ነበር። ዋጠቻት።

"ጥርጣሬ።"

"ጥርጣሬማ ቀለብዎ ነው!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቢሆንም ንዝነዛዋን ለመገላገል ፈቀዱላት።

በማግስቱ ተሐዋሲው ከመቅኔው ውስጥ ተገኘ፤ ቀዶ ጥገናውም ቀረ። "ብዙ የወረወረ አንዱን ይመታል" አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ በኮሪደሩ ሲያልፍ።

ልጅቷ በመርፌው አገግማ ስትወጣ፣ እንጀራ አባቷ የሐኪሟን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ መረቃት። እናት ግን አንገቷን ደፍታ እየተቻኮለች አለፈች። ሐኪሟ አልተቀየመችም፤ ምስጢርህን የተሸከመልህ ሰው ፊቱ ራሱ ምስጢሩን ይመስልሃል። ቢሮዋ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችና፣ የቀዘቀዘ ምሳዋን ከፈተች።